ረከቦቱ የት ሊቀመጥ ነው? ስለ ሳሎን ምንጣፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ ያልገባሁበት ሰፈር የለም። ለልኬት ስንበረከክ ዐይኔም ጉልበቴም የሚያርፉት ምንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ ባለቤቶቹ ስለ ሶፋው ጨርቅ ሲያማክሩኝ እኔ ስለ ምንጣፋቸው ሳስብ እገኛለሁ። በር እየጎተተ የበላውን ጠርዝ አያለሁ። ከሶፋው ሥር በክረምት የሻገተውን ጥግ አያለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ረከቦቱን ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ብቅ የምትል፣ አምስት ሳንቲም የምታህል፣ ደረቅና ጥቁር ጠባሳ ናት።

ፋሲሎ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ይህችኑ ጠባሳ አይቼ «እማማ፣ ከሰል ነው?» አልኋቸው። «ከሰል ነው ልጄ። ሱፍ ነው፣ እሳት አይነካውም ብሎ ነበር የሸጠልኝ» አሉኝ። ሻጩን አልወቅሰውም፤ እሱም የሰማውን ነው የነገራቸው። አብዛኞቻችን ስለ ምንጣፍ የምናውቀው የሰማነውን ነው፤ ከምንሰማው ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስከፍለን አለ።

«የቱርክ ነው፤ ስለዚህ ሱፍ ነው»

ቱርክ የአገር ስም እንጂ የክር ስም አይደለም። የቱርክ የማሽን ምንጣፍ ዋና መናኸሪያ ጋዚያንቴፕ የተባለችው ከተማ ናት፤ ከፋብሪካዎቿ በገፍ ከሚወጣው ውስጥ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስተርና አክሪሊክ ብዙውን ድርሻ ይይዛሉ። እነዚህ ሁሉ ከነዳጅ ውጤቶች የሚሠሩ ክሮች ናቸው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ፖሊፕሮፒሊን ዋጋው ይቀላል፣ ቀለሙ ክሩ ሲሠራ አብሮ ስለሚገባ በቀላሉ አይለቅም፣ ውሃም አይጠጣም። ጉዳቱ የሚመጣው ሱፍ ነው ብለን ስንገዛውና እንደ ሱፍ ስንይዘው ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ከጀርባው የተለጠፈውን ምልክት አንብቡ፤ የክሩ ዓይነት እዚያ ላይ ይጻፋል። ምልክት ከሌለው ከጠርዙ አንዲት ክር ጠይቁና ከሱቁ ወጥታችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ክብሪት ጫሩባት። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድም እንደ ጨሌ ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ነጋዴው ቅር ሊለው ይችላል። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ለሚሄድ ሰው አንዲት ክር የምትነፈግ አይመስለኝም።

«የእጅ ሥራ ነው» ለሚሏችሁ ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት። በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ጌጡ ከጀርባውም ከፊቱ እኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍም የራሱ የድሩ ቅጥያ ነው። ዘርፉ በኋላ ተሰፍቶ የተጨመረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማሽን የሠራው ነው።

«ቡናው ምንጣፉ ላይ ቢፈላ ምን ይሆናል?»

ብዙ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቡና ሲቆላ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። የጋመ ከሰል ደግሞ ከ500 በላይ ነው። እንግዲህ ፍሙ እስኪወድቅ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ቡናው ከተቆላ በኋላ ጭሱን ለእንግዳ አዙራ የተመለሰችው ልጅ ምጣዱን «ለአንድ አፍታ» ምንጣፉ ላይ ብታሳርፈው ያቺው አንድ አፍታ ትበቃለች። የቀለጠ ክር ደግሞ አይታጠብም፣ አይፋቅም፤ ተቆርጦ ካልወጣ በቀር እንደ ድንጋይ እግር እየወጋ ይኖራል።

ሱፍ ከዚህ ይለያል። ፍም ሲወድቅበት ይከስላል እንጂ አይቀልጥም፤ ብዙ ጊዜም ፍሙ ሲነሳ እሳቱ እዚያው ይጠፋል። የከሰለውን ጫፍ በመቀስ ስትከረክሙት ምልክቱ እምብዛም አይታይም። በደብረ ብርሃን አካባቢ በእጅ የሚሠሩት የበግ ሱፍ ምንጣፎችና ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሸመነው ባና ምድጃ አጠገብ ዘመን የሚቆጥሩት በከንቱ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሱፍ ላይ ከሰል ማንደድ ይቻላል ማለት አይደለም። የሚሸተው ብቻውን የዘጌን ቡና መዓዛ ያበላሻል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከውጭ መጽሔቶች ምክር አንድ ቦታ ላይ ይለያል። እነሱ «መጀመሪያ ሶፋችሁን ለኩ» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የቡናውን ቦታ ለኩ እላለሁ። ረከቦቱ፣ ምድጃው፣ ማጨሻውና የምታፈላው ሰው በርጩማ በምቾት የሚያርፉበት፣ ወርዱና ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከፍ የሚል ባዶ ወለል ይተው፤ ቢቻል መስኮት ወይም የበረንዳ በር አጠገብ። ምንጣፉ ከዚያ ቀጥሎ ይጀምር።

ቄጠማውም እዚያው ወለል ላይ ይጎዝጎዝ። ከሐይቁ ዳር ታጭዶ የመጣ እርጥብ ቄጠማ ምንጣፍ ላይ ሲረገጥ አረንጓዴ ቀለሙን ይተዋል፣ እርጥበቱንም ከሥር ያስቀራል። በዓል ሲሆን ምንጣፉን ጠቅልሎ ማቆም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

«ትንሽ ሳሎን፣ ትንሽ ምንጣፍ»

ትንሽ ምንጣፍ ትንሹን ሳሎን ይበልጥ ያሳንሰዋል። 160 በ230 ሴንቲሜትር የሆነ ምንጣፍ ከየትኛውም ሶፋ ጋር ሳይነካካ መሐል ወለል ላይ ሲቀመጥ፣ እንደ ጣና ደሴት ብቻውን ተንሳፍፎ ይታያል። ጠረጴዛዋ ብቻ ደሴቷ ላይ ትወጣለች፤ ሰው ሁሉ ዳር ቀረ።

የሚሠራው ልማድ ቢያንስ የሶፋዎቹ የፊት እግሮች ምንጣፉን እንዲረግጡ ማድረግ ነው። ለምሳሌ አራት ሜትር በአምስት ለሆነ ሳሎን ብዙ ጊዜ 200 በ300 ይስማማል፤ ሶፋው ትልቅ ከሆነ 240 በ340። የምግብ ጠረጴዛ ሥር የሚነጠፍ ከሆነ ደግሞ በየአቅጣጫው 60 ሴንቲሜትር ያህል ይለፍ፤ አለበለዚያ እንግዳ ለመነሳት ወንበሩን ሲስብ የኋላ እግሩ ከጠርዙ ይወድቃል፣ ሲመለስም ጠርዙን ያጥፋል።

በጭንቅላት አትለኩ። አሮጌ ጋዜጣ በልኩ ዘርግታችሁ አንድ ቀን ተመላለሱበት። በሩንም ክፈቱና ዝጉ። ምንጣፍ ገዝቶ በሩን ማስቆረጥ ከአንድ ቤት በላይ አይቻለሁ።

«እግር ሲሰምጥበት ነው ጥሩነቱ»

ሱቅ ውስጥ ጫማችንን አውልቀን እንቆምበታለን፤ እግራችን ሲሰምጥ ልባችንም አብሮ ይሰምጣል። ነገር ግን የምንጣፍን ዕድሜ የሚወስነው የክሩ ርዝመት ሳይሆን የክሩ ጥግግት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ምንጣፉን ወደ ኋላ እጠፉትና እጥፋቱ ላይ ተመልከቱ። ሥሩ ያለው ጨርቅ በክሮቹ መካከል በግልጽ ከታየ ሳሳ ያለ ነው፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ብዙ ሳይቆይ ይተኛል። አጭር ሆኖ ጥቅጥቅ ያለው ረጅሙን ሳሳ ያለ ምንጣፍ ዓመታት ይበልጠዋል።

ረጅም ጸጉር ያለው ምንጣፍ የበጋውን የመንገድ አቧራ፣ የክረምቱን ጭቃና የድፎውን ፍርፋሪ ሁሉ ሥሩ ይሰበስባል። ጫማ ይውለቅ እንዳንል ደግሞ ባህላችን ይይዘናል። ዘጌ ገዳማት ስንደርስ ማንም ሳይነግረን ጫማችንን እናወልቃለን፤ ቤታችን የመጣ እንግዳ ጎንበስ ሲል ግን «ኧረ በጊዮርጊስ! አታውልቅ፣ ዝም ብለህ ግባ» ብለን እንለምናለን። በዚህ ጸባያችን ሳሎን ውስጥ ረጅም ጸጉር አይበጀንም። መኝታ ቤት አልጋ አጠገብ ይሁን፤ እዚያ ማንም ጫማውን አድርጎ አይገባም።

«ባሕር ዳር ሞቃት ናት፤ ሱፍ አይሆንላትም»

ሱፍ ብርድ ልብስ ስለሚያስታውሰን ነው። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ከአየር ስቦ፣ ሲነካ እንኳ እርጥብ ሳይመስል ሊይዝ ይችላል፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል። በዚህ ምክንያት ለእግር አይወብቅም። እውነተኛ ጠላቱ ሙቀት ሳይሆን ብል ነው። ብል ጨለማና የማይነካካ ቦታ ይወዳል፤ ከሶፋ ሥር የተረሳው ክፍል መኖሪያው ነው።

ለዚህች ከተማ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ እርጥበት ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለልና ምድሩን ያጠግበዋል። ምድር ቤት ያሉ የሲሚንቶ ወለሎች፣ በተለይ ወደ ሐይቁ ዳር ያሉት፣ ከሥር እርጥበት ሊስቡ ይችላሉ። ወለላችሁን ለመፈተን ግማሽ ሜትር ያህል ላስቲክ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጣብቃችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት። ከሥሩ ላብ ካገኛችሁ፣ ጀርባው ላይ ጎማ የተለጠፈበት ምንጣፍ ወይም ወለሉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ፕላስቲክ አትንጠፉ፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ይሻግታል። እንዲህ ላለው ወለል በየሳምንቱ ተነስቶ ፀሐይ የሚመታ ቀላል ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይሻላል። ሰሌንን የድሃ ቤት ምልክት የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ ሰሌን የተነጠፈበት ቤት ሻጋታ ሸትቶኝ አያውቅም።

«ጥቁር ቀለም ቆሻሻ ይችላል»

ጭቃን ይችላል፤ አቧራን፣ ነጭ ክርንና የእንጀራ ፍርፋሪን አይችልም። ነጭም አይሁን ጥቁርም አይሁን፤ መካከለኛ ቀለምና የተቀላቀለ ጌጥ ያለው ከሁለቱም የተሻለ ይሸፍናል።

«ውሃና ሳሙና የማያጸዱት የለም»

የፈሰሰው ነገር ከየትኛው ክር ጋር እንደተገናኘ ሳይታወቅ እንዲህ አይባልም። ፖሊፕሮፒሊን ቡናን ችላ ይላል፤ ዘይትን ግን ይወዳል። የቀይ ወጥ ዘይት ከተያያዘው ዝም ብሎ ውሃ ቢፈስበት አይለቅም፤ በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መነካት አለበት። ሱፍ በተቃራኒው ቀለም ይጠጣልና እርድ የበዛበት አልጫ ከፈሰሰበት አትዘግዩ። በሁለቱም ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ አትፈትጉ። በነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየተጫናችሁ ምጠጡት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ። በረኪና ሱፍ አጠገብ አይድረስ፤ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ክሩን ራሱን ያሟሟዋል።

ምንጣፉን በሙሉ መዘፍዘፍ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ የማሽን ምንጣፎች ጀርባቸው ላይ ጁት የተባለ ቃጫ መሰል ክርና ሙጫ አላቸው። ጁት ረጥቦ ቶሎ ካልደረቀ ቡናማ ቀለም ወደ ላይ ይተፋል፣ ሲውል ሲያድርም ይበሰብሳል፤ ሙጫውም ይለቃል። ሐምሌ ላይ የታጠበ ትልቅ ምንጣፍ በዚህ ከተማ መቼ እንደሚደርቅ አስቡት። እጠባው ለጥቅምት ወይም ለኅዳር ይቆይ።

ደግሞ ሐይቁ ዳር ወስዶ ማጠብ ይቅር። ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ የተነገረው በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ አረሙ የሚወፍረው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በበዛበት ውሃ ላይ ነው፣ ፎስፌት ያለበት ሳሙናም ፎስፈረስ ይጨምራል። አንድ ምንጣፍ ሐይቅ አይገድልም። በዘመቻ ወጥቶ እምቦጭ የነቀለ ሰው ማግስቱን አረፋ ሲለቅበት ማየት ግን ያስተዛዝባል።

«አንዴ ከተነጠፈ አይነካም»

ሴራሚክ ላይ በባዶው የተነጠፈ ምንጣፍ ይንሸራተታል፤ አሮጊትና ሕፃን ባለበት ቤት ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ከሥር የሚገባ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጎማ መረብ አለ፤ ከምንጣፉ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አንሶ ይቆረጥ። በየስድስት ወሩም ምንጣፉን አዙሩት፤ የበሩ ጫፍ ወደ መስኮቱ፣ የመስኮቱ ወደ በሩ ይሂድ። ፀሐዩም እግሩም እኩል ይዳረሰዋል፣ ብሉም ከጎጆው ይነሳል።

የፋሲሎዋ እናት ሶፋ አልቆ ስመልስ ምንጣፉን አብረን አዞርነው። ጠባሳዋ ሶፋው ሥር ገባች። ረከቦቱ ወደ በረንዳው በር፣ ባዶው ሴራሚክ ላይ ተሻገረ፤ እኔንም ቶናው ሳይቀመስ አይኬድም ብለው እስከ በረካው አስቀመጡኝ።