ፍሪጌት ወፍ

ፍሪጌት ወፍ በአትላንቲክ፣ በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖሶች ሞቃታማ ክፍሎች የሚኖር ትልቅ የባሕር ወፍ ሲሆን አምስት ዝርያዎች አሉት። የትልልቆቹ ዝርያዎች ክንፍ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.3 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ክብደታቸው ግን ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም።

የሚገርመው፣ መላ ኑሮው በባሕር ላይ ሆኖ ሳለ ባሕሩ ላይ ማረፍ የማይሆንለት መሆኑ ነው። ላባው ውሃ የሚከላከል በቂ ቅባት ስለሌለው ቶሎ ይርሳል፤ እግሮቹ አጫጭር፣ ክንፎቹም እጅግ ረጃጅም በመሆናቸው አንዴ ውሃ ላይ ከወደቀ ተነሥቶ መብረር ይቸግረዋል። ስለዚህ ትልልቅ ዓሦች ከሥር ሲያሳድዷቸው ከውሃው የሚዘሉትን በራሪ ዓሦችና ስኩዊድ የተባሉ ለስላሳ የባሕር እንስሳት ጫፉ በቆለመመ ረጅም መንቁሩ እየበረረ ይለቅማል። አንዳንዴም ቡቢ የተባሉትን የባሕር ወፎች አሳዶ፣ ጅራታቸውን እየጎተተ የዋጡትን ዓሣ ያስተፋቸዋል፤ የተተፋውንም ውሃው ላይ ሳይደርስ ይቀልበዋል። በዚህ የተነሣ የሌባ ስም ቢወጣለትም፣ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ የሚያገኝ በመሆኑ ስሙ ከጥፋቱ የበለጠ ይመስላል።

ውሃው ላይ የማያርፍ ወፍ የት ይተኛል? በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት ጋላፓጎስ ደሴቶች የሚኖሩትን ወፎች የአንጎል እንቅስቃሴ መዝግቦ፣ እየበረሩ በቀን በአማካይ 42 ደቂቃ ያህል ብቻ እንደሚተኙ አሳይቷል። እንቅልፉ አንዳንዴ የአንጎሉን ግማሽ ብቻ፣ አንዳንዴም ሙሉውን የሚይዝ ሲሆን፣ ወደ የብስ ሲመለሱ ግን በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይተኛሉ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በሞዛምቢክ ሰርጥ ከምትገኘው ዩሮፓ ደሴት የተነሡ ወፎችን ተከታትሎ፣ አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ወር ሳያርፉ እንደሚበርሩና በደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋውን አየር ተጠቅመው ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ እንደሚወጡ አረጋግጧል።

በመራቢያ ወቅት ወንዱ ከጉሮሮው ሥር ያለውን ደማቅ ቀይ ከረጢት እንደ ፊኛ ነፍቶ፣ ራሱን እየነቀነቀና መንቁሩን እያንቀጫቀጨ በላዩ የምታልፈውን ሴት ይጠራል። ሴቷ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ጫጩቱ መብረር ከጀመረም በኋላ ለወራት ስለምትመግበው በየዓመቱ ልትራባ አትችልም፤ ቁጥራቸው አንዴ ከተመናመነ ለማገገም ጊዜ የሚወስደውም ከዚህ የተነሣ ነው። በደቡብ አትላንቲክ ባለችው አሴንሽን ደሴት ሰዎች ያመጧቸው ድመቶች ወፎቹን ከዋናው ደሴት አጥፍተዋቸው፣ የተረፉት በአቅራቢያው ባለ አንድ ትንሽ ዓለታማ ደሴት ላይ ብቻ ይራቡ ነበር። ድመቶቹ ተለቅመው ካለቁ ከዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ ፍሪጌቶቹ በዋናው ደሴት ላይ ዳግም እንቁላል መጣል ጀመሩ።