የፍላጻ ስፓይን ምንድን ነው?

ስፓይን የፍላጻ ዘንግ ክብደት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚነግር ቁጥር ነው። ብዙ የሚጎብጠውን ለስላሳ፣ እምብዛም የማይጎብጠውን ግትር እንላለን። ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ላባው ያማረ ፍላጻ እንኳ ስፓይኑ ከቀስቱ ጋር ካልተስማማ ጭራውን እያወናጨፈ ሄዶ ከዒላማው ጎን ይሰካል። በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ስፓይን የለም። አንድ ቀስት ላይ ልክ የሆነው ዘንግ ሌላው ላይ ቆሻሻ በረራ ሊሰጥ ይችላል።

የጉብጠቱ ምክንያት የቀስቱ ቅርጽ ነው። በባህላዊ ቀስት፣ ሎንግቦው (ረጅሙ ቀጥ ያለ ቀስት) ሆነ ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉት)፣ ፍላጻው የሚያርፈው በእጀታው ጎን ሲሆን የተለቀቀው አውታር የሚሮጠው ግን ወደ እጀታው መሃል ነው። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ፍላጻው ከእጀታው በስተግራ ስለሚቀመጥ ጫፉ ከዒላማው ጥቂት ወደ ግራ ያያል። አውታሩም ከጣቶቹ ሲያመልጥ ትንሽ ወደ ግራ ሸርተት ይላል። ከኋላ በድንገት የሚገፋው ኃይልና ከፊት ያለው የብረት ጫፍ ክብደት ዘንጉን መሃሉ ላይ ያጎብጡታል። መጀመሪያ መሃሉ እጀታውን ይጫናል፤ ቀጥሎ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ጭራው እጀታውን ሳይነካ ያልፋል፤ ከዚያ ውዝዋዜው እየቀነሰ ፍላጻው መስመሩን ይይዛል። አሜሪካዊው ሐኪምና ቀስተኛ ሮበርት ኤልመር ይህን «የቀስተኛው ፓራዶክስ» ሲል ሰይሞታል። ፍላጻው እጀታውን እንዴት ተጠምዝዞ እንደሚያልፍ በግልጽ የታየው ደግሞ ክላረንስ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ከቀረጸው በኋላ ነው። ስፓይን ማስተካከል ማለት እንግዲህ የዚህን ውዝዋዜ ፍጥነት ከቀስቱ ጋር ማስማማት ነው።

ሁለት የአለካክ ልማዶች አሉ፤ ጀማሪን ግራ የሚያጋባውም አንዱ ከሌላው ተቃራኒ መሆኑ ነው። የካርቦንና የአሉሚኒየም ዘንግ በ28 ኢንች ርቀት በተቀመጡ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሃሉ ላይ 1.94 ፓውንድ ይንጠለጠልበታል። ጉብጠቱ በኢንች ሺኛ ይቆጠራል፤ ግማሽ ኢንች ከጎበጠ 500 ይባላል። ስለዚህ 600 ከ500 ይልቅ ለስላሳ ነው። የእንጨት ዘንግ ግን በ26 ኢንች ርቀት በ2 ፓውንድ ይለካና 26 ለጉብጠቱ ይካፈላል፤ 0.52 ኢንች የጎበጠው 50 ፓውንድ ይሆናል። እዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ግትርነቱም ያድጋል። ሁለቱን ለማነጻጸር፣ የካርቦኑ 500 በእንጨት ሚዛን ወደ 63 ፓውንድ፣ 600 ደግሞ ወደ 52 ፓውንድ ይጠጋል።

የእንጨት ዘንግ ቤት ውስጥ መለካት ቀላል ነው። ሁለት ምስማር በ66 ሴንቲሜትር ርቀት መትቶ ዘንጉን ማጋደም፣ ከነውኃው 907 ግራም የሚመዝን ጠርሙስ መሃሉ ላይ ማንጠልጠል፣ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ማየት፣ ከዚያ 660ን ለዚያ ቁጥር ማካፈል። የሚወጣው በፓውንድ ነው። ዘንጉን እያዞሩ ደጋግመው ይለኩ፤ እንጨት በየጎኑ እኩል አይጎብጥም። ግትሩን ጎን ምልክት አድርገው፣ ሲገጠም ያ ጎን እጀታው ላይ እንዲያርፍ ኖኩን (አውታሩ የሚገባበትን የጭራ ስንጥቅ) ያስተካክሉ። ከአንድ ደርዘን ውስጥ ከሌሎቹ ከ5 ፓውንድ በላይ የሚርቀውን ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ዘንጉ ላይ የታተመው ቁጥር ግን መነሻ ብቻ ነው። ፍላጻው ሲለቀቅ የሚያሳየውን ጠባይ ሌሎች ነገሮችም ይወስኑታል። ዘንጉ ሲረዝም ይለሰልሳል፤ ከባድ ጫፍ ሲገጠምለትም እንዲሁ። የማይለጠጥ ዘመናዊ አውታር ከሚለጠጠው የዳክሮን ክር ይልቅ ፍላጻውን በኃይል ስለሚገፋ ግትር ዘንግ ይፈልጋል። የቀስቱንም ጉልበት በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቀስቱ ላይ «45 ፓውንድ» የሚለው በ28 ኢንች ሲሳብ ነው። አሳሳብዎ 27 ኢንች ከሆነ በእጅዎ ያለው 42 ወይም 43 ፓውንድ ነው፤ አንድ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ያመጣልና። እንዲህ ላለው ቀስት ከ600 እና ከ500 ጥቂት ጥቂት ዘንግ፣ ግሬን በሚባለው የክብደት መለኪያ ከ100 እስከ 175 የሚደርሱ ጫፎችን ገዝቶ መሞከር ደርዘኑን በግምት ከመግዛት ይረክሳል።

ልኬቱ የሚታወቀው ላባ በሌለው ዘንግ ነው። ላባ የተሳሳተን በረራ ጎትቶ ያቀናል፣ ስህተቱንም ይሸፍናል። ተመሳሳይ ፍላጻዎች ያዘጋጁ፣ ላባ ያላቸው ሦስት፣ ላባ የሌላቸው ሁለት፤ ላባ በሌለው ጭራ ላይ የላባውን ክብደት የሚያህል ፕላስተር ይጠምጥሙ። ከዚያ በፊት በአውታሩና በእጀታው መካከል ያለውን ርቀት ይለኩና ይጻፉት። ለሪከርቭ ከ18 እስከ 22፣ ለሎንግቦው ከ15 እስከ 19 ሴንቲሜትር የተለመደ ነው፤ የሠሪው ልክ ካለ እሱ ይቀድማል። አውታሩን በመጠምዘዝ ይስተካከላል፣ ሙከራው እስኪያልቅም አይነካም። በ10 ሜትር ይጀምሩ፣ ቀጥሎ 15፣ ከዚያ 20። ላባ የሌለው ፍላጻ አቅጣጫው አይታመንምና ከዒላማው ጀርባ ሰፊ መከለያ ይኑር።

ውጤቱ የሚነበበው ላባ የሌለው ፍላጻ ላባ ካላቸው (ከላባዎቹ) አንጻር የት እንደተሰካ በማየት ነው። ብዙዎች ዘንጉ ተሰክቶ ወዴት እንዳዘነበለ ይመለከታሉ፤ እኛ አንመክርም፣ የዒላማው ጭድ ወይም ስፖንጅ ራሱ ዘንጉን ያጣምማልና።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለከፍታው ነው። ላባ የሌለው ከላባዎቹ በታች ከተሰካ አውታሩ ላይ ያለው የኖክ ማቆሚያ (ጭራው የሚገጠምበትን ቦታ የሚወስነው ምልክት) ከፍ ብሏል፤ ከላይ ከተሰካ ዝቅ ብሏል። ይሁንና ማቆሚያው ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ጭራው ፍላጻው የሚያርፍበትን ቦታ ይመታና ወደ ላይ ይነጥራል፣ ፍላጻውም ማቆሚያው ከፍ ያለ ይመስል ታች ይመታል። ይህን አምኖ ይበልጥ ዝቅ ያደረገ ሰው ከችግሩ አይወጣም። ስለዚህ ከማረፊያው ተነስቶ አውታሩን በ90 ዲግሪ ከሚያገኘው መስመር 19 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ጀምሮ በ1.5 ሚሊሜትር ማውረድ ነው። በእጀታው ላይ ለሚያርፍ ፍላጻ ብዙ ጊዜ 13 ሚሊሜትር አካባቢ ይቆማል፤ ሦስቱንም ጣት ከፍላጻው በታች አድርጎ ለሚስብ ከዚያ ከፍ ሊል ይችላል።

ከዚያ ወደ ጎን። በቀኝ እጅ ለሚስብ፣ ላባ የሌለው ወደ ቀኝ ከሄደ ዘንጉ ለስላሳ ነው፤ ወደ ግራ ከሄደ ግትር ነው። ለግራ እጅ ይገለበጣል። የተለሳለሰውን ለማስተካከል ቀላል ጫፍ ይገጠማል፣ ወይም ዘንጉ ያጥራል፣ ወይም ፍላጻው የሚደገፍበት የእጀታ ጎን በቆዳ ይወፍራል። ለግትሩ ከባድ ጫፍ ይገጠማል ወይም ቆዳው ይሳሳል። የተቆረጠ ስለማይመለስ መጀመሪያ ጫፍ ይለወጥ። መቁረጥ ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ከ6 ሚሊሜትር አይለፍ፣ ሊስማማ ሲቃረብ 3 ይበቃል። ቀስቱ ሙሉ ተስቦ እያለ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ዘንግ ከእጀታው ፊት መትረፍ አለበት።

ብዙ ዘንግ በከንቱ የሚበላሸው ግን በሐሰተኛ ግትርነት ነው። በጣም የለሰለሰ ዘንግ እጀታውን ሳያልፍ ጎኑን ይመታና ወደ ግራ ይወረወራል፤ ቀስተኛው «ግትር ነው» ብሎ ከባድ ጫፍ ይገጥማል፣ ፍላጻውም ይብሱን ይለሰልሳል። ሲለቀቅ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ቆዳው ላይ የሚታይ ጭረት ምልክቶቹ ናቸው። እጀታው ጎን ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ መልቀቅም ንክኪውን ያሳያል። ቁርጡን የሚለየው ጫፍ መለወጥ ነው። በእርግጥ ግትር ከሆነ ከባድ ጫፍ ሲገጠም ወደ ቀኝ፣ ወደ ላባዎቹ ይጠጋል። ይባስ ወደ ግራ ከሸሸ ችግሩ ልስላሴ ነው።

እያንዳንዱን ለውጥ ቢያንስ በሦስት ንጹሕ ልቀቶች ይመዝኑ። ቀስተኛው ደክሞ አንድ ኢንች ካሳጠረ ዘንጉ ግትር ይመስላል፤ አውታሩን ወደ ጎን ከጎተተም ቀኝና ግራው ይዛባል። ላባ ያላቸው ፍላጻዎች ራሳቸው ገና ሰሃን በሚያህል ክብ ውስጥ የማይሰበሰቡለት ሰው ይህን ሙከራ ቢያቆየው ይሻላል፤ የሚያስተካክለው ፍላጻውን ሳይሆን የዕለቱን ስህተት ነው የሚሆነው። በ20 ሜትር ላይ ላባ የሌለው ከላባዎቹ መሃል ከገባ ሥራው አልቋል። አንድ ሁለት ጣት መራቁን ለማጥፋት ሲባል አዲስ ዘንግ መቁረጥ ትርፍ የለውም። የጎን ቆዳውን በአንድ ስስ ንብርብር መጨመር ወይም መቀነስ ለእንዲህ ያለው ይበቃል።