ኤንኤፍቲ ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ ይበላል የሚባለውስ ከምን የመጣ ነው?

ኤንኤፍቲ በብሎክቼይን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት የግብይት መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ነው። መስመሩ የሚናገረው ጥቂት ነገር ነው፦ ቶከኑን (ኤንኤፍቲውን) ያወጣው ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም፣ የትኛው እንደሆነ፣ መለያ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ አሁን በየትኛው ዋሌት (የተጠቃሚ አድራሻ) ስም እንደተመዘገበ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሊንክም አለው። ሊንኩ ወደ አጭር የጽሑፍ ፋይል ይወስዳል፤ ፋይሉ ደግሞ ሥዕሉ ያለበትን ሌላ ሊንክ ይሰጣል። ሥዕሉ ራሱ መዝገቡ ውስጥ የለም። ገዢው የሚከፍለው ለመስመሩ ነው፤ የቅጂ መብቱ እንኳ በግልጽ ካልተላለፈለት በቀር ከሠዓሊው እጅ አይወጣም።

ሥዕሉ አብሮ የማይገባው ዋጋው ስለማይቀመስ ነው። ብዙ ኤንኤፍቲ የሚወጣበት ብሎክቼይን በሆነው ኢቴሪየም ላይ ማንኛውም ሥራ «ጋዝ» በሚባል መስፈሪያ ይለካል። ተራ ገንዘብ ማስተላለፍ 21,000 ጋዝ ይፈጃል። 32 ባይት አዲስ መረጃ በኮንትራቱ ማከማቻ ለማኖር ቢያንስ 20,000 ያስፈልጋል። የአንድ ሜጋባይት ፎቶ 32,768 እንዲህ ያሉ ቁራጮች ስለሚወጡት ከ655 ሚሊዮን ጋዝ በላይ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የአንድ ብሎክ፣ ማለትም ግብይቶች አብረው የሚመዘገቡበት ጥቅል፣ ጣሪያ 30 ሚሊዮን ነበር፤ ፎቶው ብቻውን ወደ 22 ብሎክ አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ መዝገቡ ላይ የሚኖሩ ሥራዎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ እነሱ ግን ወይ ጥቂት ፒክስል ብቻ ያላቸው ናቸው፣ ወይ ደግሞ የተቀመጠው ሥዕሉን የሚስለው ኮድ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ቶከን ለማውጣት የባለቤቱ ኮምፒውተር የሚፈጀው ኃይል ከቁጥር አይገባም። ወጪው ያለው ግብይቱን መዝግበው በሚያጸድቁት ዘንድ ነው። ኢቴሪየም እስከ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ድረስ እንደ ቢትኮይን «ፕሩፍ ኦፍ ወርክ» በሚባል ስልት ይሠራ ነበር። ማይነሮች የሚባሉት አጽዳቂዎች ግራፊክስ ካርድ ደርድረው፣ በሙከራ ብቻ የሚገኝ አንድ ቁጥር ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። የቀደመው 2 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ከግብይት ክፍያ ጋር ይወስዳል፤ የተቀሩት ያነደዱት ኃይል ለምንም አይውልም። ማሽን ቢበዛ ሥራው አይፈጥንም። ብዙ ማሽን ሲገባ ሲስተሙ ሙከራውን ያከብደዋል፣ ብሎክ የሚወጣውም ያው በ13 ሰከንድ ገደማ አንድ ነው። ፍጆታውን የሚወስነው የግብይቱ ብዛት ሳይሆን ለማይነሮች የሚከፈለው ገንዘብ መጠን ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል።

ክሪፕቶ ካርቦን ሬቲንግስ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ከለውጡ በፊት የነበረውን የኢቴሪየም ዓመታዊ ፍጆታ ወደ 22.9 ቴራዋት ሰዓት ገምቶታል። በቀን 6,500 ያህል ብሎክ ይወጣ ስለነበር ለአንድ ብሎክ 9,650 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሰዋል። 15 ሚሊዮን ጋዝ በያዘ ብሎክ ውስጥ 150,000 ጋዝ የፈጀ ሚንት (አዲስ ቶከን ማውጣት) አንድ መቶኛ ድርሻ አለው፤ ስለዚህ 96 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይታሰብበታል። ይህ የመጀመሪያ ምዝገባው ብቻ ነው። ለጨረታ ማቅረብ፣ ዋጋ መስጠት፣ የሰጡትን ዋጋ መሰረዝ፣ መሸጥ፣ ወደ ሌላ ዋሌት ማዛወር፣ እነዚህ በመዝገቡ ላይ የሚፈጸሙ ከሆነ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ግብይቶች ናቸው። ሠዓሊና የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ሜሞ አክተን በ2020 መጨረሻ 18,000 ያህል ኤንኤፍቲዎችን መርምሮ በአማካይ 340 ኪሎዋት ሰዓትና 211 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያገኘው እነዚህን ደምሮ ነው። የአንድን ኤንኤፍቲ ፍጆታ ለማስላት ያዘጋጀውን ማስሊያ በ2021 ከድረ ገጹ አነሳው፤ ሰዎች ሠዓሊዎችን በስም እየጠሩ ለማሸማቀቅ ይጠቀሙበት ጀምረው ነበርና።

ደጋፊዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ እኔ ባልሳፈርም አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ብሎኩ የኔ ቶከን ኖረ አልኖረ በዚያው ኃይል ይወጣል። ለአንድ ብሎክ እውነት ነው። ለአንድ ዓመት ግን አይደለም፤ ተሳፋሪ ሲበዛ ባለንብረቱ ሌላ አውቶቡስ ይገዛል። ክፍያ ሲጨምር ማይነሩ ያተርፋል፣ ያተረፈ ማይነር ካርድ ይጨምራል፣ ሌላውም ትርፉን አይቶ ይገባል፣ ፉክክሩ ትርፉን እስኪያሟጥጠው ድረስ ኤሌክትሪኩ ይነዳል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 በኋላ የክፍያው ዋና ክፍል ለማይነር መሰጠቱ ቀርቶ እንዲወገድ ስለተደረገ ይህ ግፊት ላልቷል፤ አልጠፋም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ቶከኔ የብሎኩን ስንት መቶኛ ያዘ?» ሳይሆን «ከማይነሮች ገቢ ውስጥ ስንቱን ከፈልኩ?» የሚለው ነው።

በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም ወደ «ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ» ተሻገረ። አሁን የሚያጸድቁት 32 ኢተር አስይዘው፣ ተራ ኮምፒውተር ከፍተው የሚጠብቁ ናቸው፤ ቢያጭበረብሩ ያስያዙት ይቀነሳል። ያው ተቋም አዲሱን ዓመታዊ ፍጆታ ወደ 2.6 ጊጋዋት ሰዓት አስቀምጦታል፤ ከ99.9 በመቶ በላይ ወርዷል። ዛሬ ኢቴሪየም ላይ ስለሚወጣ ኤንኤፍቲ የ2021ን ቁጥር እየጠቀሰ የሚወቅስ ሰው ተሳስቷል። ያ ማለት ግን የቀድሞው ሒሳብ ተሰረዘ ማለት አይደለም። በማርች 2021 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት በ69.3 ሚሊዮን ዶላር የሸጠው የዲጂታል ሠዓሊው የቢፕል ሥራም ሆነ በዚያ ዓመት ግርግር የወጡት ቶከኖች የተመዘገቡት በድሮው ስልት ነው፤ የነደደው ነዷል። ካርዶቹም ሁሉም አልቆሙም፣ ከፊሉ በድሮው ስልት ወደሚሠሩት ኢቴሪየም ክላሲክና መሰል ሰንሰለቶች (ብሎክቼይኖች) ዞረ።

ችግሩ በሌላ በር የተመለሰው ደግሞ በጃንዋሪ 2023 ነው፣ «ኦርዲናልስ» በሚባለው ስልት ሥዕልን ቢትኮይን ላይ መመዝገብ ሲጀመር። እዚህ ሥዕሉ እውነትም ብሎኩ ውስጥ ይገባል፤ ቢትኮይን ግን ከፕሩፍ ኦፍ ወርክ አልወጣም። የስሌቱ ዘዴ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የቢትኮይንን ፍጆታ በዓመት 100 ቴራዋት ሰዓት ብንይዝ (የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቅርብ ዓመታት ግምት ከዚህ ይበልጣል) ለአንድ ብሎክ 1.9 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይደርሰዋል። 400 ኪሎባይት ሥዕል የብሎኩን አንድ አሥረኛ ይይዛል፤ በቦታ ድርሻ ሲታሰብ 190,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መዝጋቢው የከፈለው 0.01 ቢትኮይን ቢሆን፣ የማይነሩ ቋሚ ሽልማት ደግሞ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ስለሆነ፣ በገቢ ድርሻ ሲታሰብ 6,000 ገደማ ይመጣል። አስደንጋጩን ቁጥር የሚጽፉ የመጀመሪያውን፣ ነጋዴዎቹ ደግሞ ዜሮን ይመርጣሉ። ሁለተኛው ስሌት ይሻላል ባይ ነኝ፤ 6,000 ኪሎዋት ሰዓትም ቢሆን ለአንድ ሥዕል ቀላል አይደለም።

አንድ ቶከን ምን እንደያዘ ማጣራት ከባድ አይደለም። የኢቴሪየምን መዝገብ በሚያሳየው ኢተርስካን ድረ ገጽ ላይ የኮንትራቱን አድራሻ ይክፈቱ፤ ኮንትራቱን ለማንበብ ወደተዘጋጀው ክፍል ገብተው ቶከን ዩአርአይ (tokenURI) የሚለውን ፈልገው መለያ ቁጥሩን ያስገቡ። የሚመጣው ሊንክ በኤችቲቲፒኤስ ከጀመረ ፋይሉ ያለው በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥዕሉ አብሮ ይሄዳል። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ ገበያ ሲከስር የሆነው ይኸው ነው፤ በድርጅቱ ገበያ የወጡ ቶከኖች ሊንካቸው ከሥዕሉ ይልቅ ስለ ኪሳራው ሂደት ወደሚያወራ ገጽ ይወስድ ነበር። በአይፒኤፍኤስ (ብዙ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት ሥርዓት) ከጀመረ አድራሻው ከፋይሉ ይዘት የተሰላ ስለሆነ ማንም ሥዕሉን በስውር ሊቀይረው አይችልም፤ ፋይሉ የሚቆየው ግን አንድ ሰው በራሱ ማሽን ላይ እስካቆየው ድረስ ነው። «ዳታ» በሚል ከጀመረ መዝገቡ ውስጥ አለ። ይህን ካዩ በኋላ የኮንትራቱ ባለቤት የመነሻ ሊንኩን መቀየር የሚያስችለው ትእዛዝ ኮንትራቱ ውስጥ እንዳለ ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ አላቸው። ሊንኩ ሳይቀየርም ሰርቨሩን የያዘ ሰው ሥዕሉን መለወጥ እንደሚችል ለማሳየት የሲግናል መልእክት መተግበሪያ መሥራች ሞክሲ ማርሊንስፓይክ አንዱን ቶከን በየገበያው የተለያየ ሥዕል እንዲያሳይ አድርጎ ሠርቶት ነበር።

ኃይል ለመቆጠብ የመጣው አንዱ መፍትሔ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። «ሌዚ ሚንት» በሚባለው አሠራር ቶከኑ ገዢ እስኪያገኝ ድረስ መዝገቡ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ያልተሸጠ ሥራ ጋዝ አይፈጅም፣ አውጪውም አይከፍልም። ነጻ የሆነ ነገር ግን ለሌባም ነጻ ነው። ኦፕንሲ የተባለው የኤንኤፍቲ ገበያ በጃንዋሪ 2022 ባወጣው መግለጫ፣ በነጻ መሣሪያው ከወጡት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተሰረቁ ሥራዎች፣ ሐሰተኛ ስብስቦችና አይፈለጌ ነገሮች መሆናቸውን ተናግሯል። ሠዓሊው በየሽያጩ ድርሻ ያገኛል የሚለው ተስፋም ቢሆን ኢአርሲ 721 በሚባለው የኢቴሪየም ኤንኤፍቲ መመዘኛ ውስጥ አልተጻፈም፤ በገበያዎቹ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ኦፕንሲ ከኦገስት 31 ቀን 2023 ጀምሮ ማስገደዱን ተወው።

«አረንጓዴ» ተብሎ የሚሸጥ ቶከን ሲያጋጥም የሚጠየቀው የሰንሰለቱ ስም ነው። ቴዞስና ፍሎው ከመነሻቸው ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ የሚጠቀሙ ነበሩ። ፖሊጎንም እንደዚሁ፤ ነገር ግን የመዝገቡን ማረጋገጫ በየጊዜው ኢቴሪየም ላይ ይጽፍ ስለነበር እስከ 2022 ድረስ ከማይነሮቹ ኃይል ጥቂት ድርሻ ነበረው። የካርቦን ማካካሻ ተገዝቷል የሚል ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ስለ ሰንሰለቱ የሚነግረው ነገር የለም፤ ማሽኖቹ ያው እየሠሩ ነው።