ማውንት ማድረግ ምንድን ነው? ባክአፕ ግን አይደለም

«ኔክስትክላውዴን ሊኑክስ ላይ ማውንት አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ ኮፒው እጄ ላይ አለ።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። (ኔክስትክላውድ ፋይሎችህን ሰርቨር ላይ የሚያኖር ፕሮግራም ነው።) ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በቪዲዮ «ነፃ ባክአፕ» እያለ ሲያስተምረው አየሁ። ወንድሜ፣ ኮፒ የለህም። ያለህ በር ነው።

ማውንት ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፎልደር የራስህ ኮምፒውተር ፎልደር መስሎ እንዲታይ ማገናኘት ነው። ይህን ስታደርግ ከቤትህ ግድግዳ ወደ ጎረቤት ጓዳ በር ከፈትክ ማለት ነው። ድስቱ እዚያው ጎረቤት ጋ ነው። ከዚህ ወገን ሆነህ ብትደፋው ተደፋ ነው። ከፎልደሩ ፋይል ስታጠፋ የሚጠፋው ሰርቨሩ ላይ ያለው ነው፤ ሰርቨሩ የራሱ ቅርጫት ካለው ብቻ ትተርፋለህ።

በሩ ተላላኪም አለው። በዌብዳቭ (ሰርቨር ላይ ያሉ ፋይሎችን በኢንተርኔት የማገናኛ መንገድ) ከሆነ ብዙ ጊዜ ዳቭኤፍኤስ2 የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ልጅ አንድ ጭልፋ ወጥ ብትለው ድስቱን ሙሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ የ2 ጊጋ ቪዲዮ መጀመሪያውን ብቻ ልይ ብትል ሙሉው ይወርዳል። ስትመልስለት ደግሞ ወዲያው አይሮጥም። ሴቲንጉን ካልነካህ፣ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ 10 ሰከንድ ጠብቆ ነው መጫን የሚጀምረው። «ሴቭ አድርጌዋለሁ» ማለት «ሰርቨሩ ጋ ደርሷል» ማለት አይደለም። ኮፒው አለቀ ብለህ ላፕቶፑን ብትከድነው ድስቱ ደጃፍ ላይ ቀረ። ዩማውንት (ማውንቱን የሚፈታው ትእዛዝ) ስትል ተርሚናሉ ዝም የሚለውም ለዚሁ ነው። ቀጥ ብሎ አይደለም፣ እየጫነ ነው። በኮንትሮል ሲ አታቋርጠው።

«ካሽ አለ አይደል እንዴ?» ይለኛል ያ ቪዲዮ ሠሪ። አለ። ዳቭኤፍኤስ2 ያወረደውን ዲስክህ ላይ ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ ነው። ካልቀየርከው ግን 50 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው፤ ሲሞላ የቆየውን ይጥላል። እሱን ባክአፕ ካልከው ምን እላለሁ።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ማውንቱ ሲወድቅ ፎልደሩ አይጠፋም፤ ባዶውን ይቀመጣል። ሌሊት የሚሠራ ስክሪፕትህ ኔትወርክ በሌለበት ቢነሳ፣ ያለ ምንም ስህተት የራስህን ዲስክ እስኪሞላ ይጽፍበታል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ማውንቱ መኖሩን «ማውንትፖይንት» በሚለው ኮማንድ ይፈትሽ። ኤስኪውላይት ዳታቤዝም (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) እዚያ ላይ አታስቀምጥ፤ ሎኩ፣ ማለትም ሁለት ፕሮግራም በአንዴ እንዳይጽፍበት የሚጠብቀው ቁልፍ፣ በኔትወርክ ላይ አይታመንም።

እውነተኛ ኮፒ ከፈለግክ አርክሎን የሚባለው ፕሮግራም ከሰርቨሩ ወደ ሌላ ዲስክ ያወርድልሃል። «ኮፒ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀም። «ሲንክ» ካልከው ምንጩ ላይ የጠፋውን መድረሻው ላይም ያጠፋዋል።