ከእሳት የወጣ ቢላዋ እንዴት ይጸዳል? የአዲስ አበባ ዳርቻ ቀጥቃጮች ሥራ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ቢላዋ ቀጥቅጦ ለሚያወጣ ሰው ዋናው ጥሬ ዕቃ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ክብደቱን የሚሸከመው ስፕሪንግ ብረት ነው። ባሌስትራ ከመርካቶው ምናለሽ ተራም ከሰፈር ጋራዥም ይገኛል፤ ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር በደንብ ይጠነክራል። ስለ መቀጥቀጡና ስለ ማጋሉ ብዙ ይወራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማጽዳት ግን አብዛኛው ሰው ለማሳመር ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። ቢላዋው በእሳቱ መዳኑ ወይም መበላሸቱ የሚታወቀው ግን ሲጸዳ ነው።

ከ800 ዲግሪ በላይ የጋለ ብረት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ አንድ ወጥ ቢመስልም ሦስት ድርብ የብረት ኦክሳይድ ነው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ተፈንጥሮ ይወድቃል፣ የቀረው እንደ ቆዳ ተጣብቆ ይቆያል፤ በላዩ ደግሞ የተቃጠለው ዘይት ጥላሸት ይደርብበታል። ቅርፊቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ በሞረድ ልፋቀው የሚል ሰው የሞረዱን ጥርስ ነው የሚጨርሰው።

ገና የተነከረ ቢላዋ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ሁለተኛውን፣ ለስለስ ያለውን ሙቀት ማግኘት አለበት። የመጀመሪያው ጽዳት የሚደረገው ከዚህ በፊት ነው። ዘይቱ በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠባል፣ ከዚያ አንዱ ጎን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይታሻል። ቴርሞሜትር የሌለው ቀጥቃጭ ሙቀቱን የሚያነበው ከብረቱ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ደግሞ በጸዳ ብረት ላይ ብቻ ይታያል። ከጀርባው በኩል ከፍም አጠገብ ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይወጣል፣ ይህ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀጥሎ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። የወጥ ቤት ቢላዋ ቢጫው ላይ መቆም አለበት፤ ሲመታ የሚውል መጥረቢያ ግን ወይን ጠጁ ድረስ ቢሄድ ይሻለዋል። ቀለሙ ከጀርባው ወደ ስለቱ ቀስ እያለ ሲሄድ በዓይን ይታያል፤ ያን ጊዜ ዓይንን ማንሳት አይቻልም።

ዋናው ጽዳት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ርካሹና ደህናው መንገድ አቼቶ ነው። በላዩ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ 5 በመቶ አሲድ ያለው ተራ አቼቶ ይሞላል፣ ቢላዋው ቆሞ ያድራል። ዘይት ካለበት አሲዱ ስለማይነካው አስቀድሞ በሳሙና መታጠቡ ግድ ነው። ጠዋት ቅርፊቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ተነክሮ አሲዱ ይገደላል፣ በፈላ ውሃ ይታጠባል። የፈላ ውሃ ስለቱን ያለሰልሳል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከገለባው ቢጫ እጅግ ያነሰ ነው። ይልቁንም ብረቱ ሞቆ ስለሚወጣ ቶሎ ይደርቃል። ከአሲድ የወጣ ብረት እርጥብ ሆኖ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል። አቼቶ ውስጥ ለቀናት መተውም ጥሩ አይደለም፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል፣ የሚወጣው ሃይድሮጅንም ጠንካራውን ብረት ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

ለመቸኮል ሲባል የባትሪ አሲድ መጠቀም ዓይንና እጅን በከንቱ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በረኪናም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብረቱን ያጎደጉዳል፣ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ግራይንደር ያለው ሰው ቅርፊቱን በደቂቃዎች ያነሳዋል፤ ብዙ ጥሩ ቢላዋ የሚሞተውም እዚያ ላይ ነው። ስለቱ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ሰማያዊ ነጥብ ከታየበት ያ ቦታ ለስልሷል፤ ሲሳል ውሎ ሲቆርጥ ይደነዝዛል። ጓንት ሳያደርጉ በባዶ ጣት ይዞ፣ ጣት ሲያቃጥል ወዲያው ባልዲ ውሃ ውስጥ መንከር ነው መፍትሔው። አፍና አፍንጫን መሸፈን ግን አይቀርም።

ለምግብ የሚውል ቢላዋ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ብዙ ቦታ የመንከሪያው ዘይት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ በውስጡ መርዛማ ነገር አለ። ይህ ቢላዋ ለፋሲካ ቁርጥ ሊቀርብበት ነው፤ ሥጋው እሳት እንኳ አይነካውም። እጀታው ከመግባቱ በፊት በእጀታው የሚሸፈነው ክፍልና የሚስማር ቀዳዳው ሳይቀር በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ከዚያ ስስ የኑግ ዘይት ይቀባል፤ ልክ አዲስ ምጣድ እንደሚሟሽ፣ ዘይቱ ሲደርቅ ዝገት የሚከላከል ሽፋን ይሆናል።

ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ ካርቦኑን እሳት የበላበት ስስ ለስላሳ ሽፋን ይቀራል። ሞረድ እዚህ ላይ ከያዘ ቢላዋው አልጠነከረም ብሎ መጣል ስህተት ነው፤ ጥቂት በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ እንደገና ይሞከር። ሞረዱ ሳይይዝ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

መጨረሻ ላይ ስንጥቅ ይፈለጋል። የጸዳው ብረት ነጭ ጋዝ ይቀባል፣ ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ ደረቅ እስኪል ይጠረጋል፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ወጥቶ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጠቆር ያለ መስመር ይስላል። መስመሩ ጫፉ አካባቢ ከሆነ ከዚያ ላይ ተቆርጦ አጠር ያለ የሽንኩርት ቢላዋ ይወጣዋል፤ ከእጀታው አጠገብ ከሆነ ወደ ቁርጥራጩ ክምር ይመለሳል።