የጭን የኋላ ጡንቻዎችና ነርቮች

በጭን የኋላ ክፍል ሦስት ዋና ዋና ጡንቻዎች ይገኛሉ፤ የጋራ ስማቸው ሃምስትሪንግ ነው። ባይሴፕስ ፌሞሪስ ወደ ውጭ ጎን፣ ሴሚቴንዲኖሰስና ሴሚሜምብራኖሰስ ወደ ውስጥ ጎን ይወርዳሉ። የሚነሡት ስንቀመጥ ክብደታችን ከሚያርፍበት የመቀመጫ አጥንት ጉብታ ሲሆን፣ ዳሌንም ጉልበትንም ተሻግረው ስለሚያልፉ ጭንን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ ጉልበትን ያጥፋሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ወለሉ ላይ እየተጫኑ ወደ ራስ ለመሳብ ሲሞከር ቋንጃ ግራና ቀኝ ጅማቶች ይወጠራሉ። በውጭ በኩል ያለው ወፍራሙ፣ ፊቡላ በሚባለው ከጉልበት በታች በውጭ ጎን ባለው ቀጭን አጥንት ራስ ላይ የሚያርፈው የባይሴፕስ ጅማት ነው፤ በውስጥ በኩል ያለው ቀጭኑ ደግሞ የሴሚቴንዲኖሰስ።

ባይሴፕስ ሁለት ራስ፣ ማለትም ሁለት መነሻ አለው፤ አጭሩ ራስ ከሌሎቹ ይለያል። የሚነሣው ከጭን አጥንት ጀርባ ስለሆነ ዳሌን አይነካም። ነርቩም ሌላ ነው፦ በጭን ኋላ የሚወርደው ትልቁ የሳያቲክ ነርቭ ቲቢያልና ፊቡላር የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የቀሩትን ቲቢያል ክፍሉ ሲያዛቸው፣ እሱን የሚያዘው የፊቡላር ክፍሉ ነው። ይህ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ቀና ማድረግ ያቃተው ሰው በኤሌክትሪክ የጡንቻ ምርመራ አጭሩ ራስም ተጎድቶ ከተገኘ፣ ጉዳቱ የደረሰው ፊቡላ አንገት ላይ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው።

ሳያቲክ ነርቭ ከ4ኛው የወገብ እስከ 3ኛው የሳክራል (ከወገብ በታች ያለው የአከርካሪ ክፍል) ነርቭ ሥር ይመነጫል፤ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በመቀመጫ ውስጥ ካለው ፒሪፎርሚስ ከሚባል ጡንቻ በታች ወጥቶ፣ በባይሴፕስ ረጅም ራስ ተሸፍኖ ይወርድና ከቋንጃ በላይ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ሃምስትሪንግ የሚሄዱት ቅርንጫፎቹ አብዛኞቹ ከውስጥ ጎኑ ስለሚወጡ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በውጭ ጎኑ መሥራትን ይመርጣሉ። መቀመጫ ላይ መርፌ በላይኛው የውጭ ሩብ የሚወጋውም ይህን ነርቭ ለመሸሽ ነው። የጭን ኋላ ቆዳን ስሜት የሚያደርሰው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ነርቭ ነው።

በፍጥነት ሲሮጥ ወደ ፊት የተወረወረው እግር መሬት ሊነካ ሲል ጡንቻው እየረዘመ ስለሚኮማተር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው የባይሴፕስ ረጅም ራስ ነው። እግርን ከልክ በላይ በመለጠጥ የሚመጣው ጉዳት በአመዛኙ ሴሚሜምብራኖሰስን ከመቀመጫ አጥንቱ አጠገብ ያገኘዋል፤ ሲጀምር ቀላል ይመስላል፣ ለመዳን ግን ይዘገያል። በጉርምስና ዕድሜ ያለ ሯጭ እዚያው ቦታ ድንገት ከታመመ ራጅ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ዕድሜ ከጡንቻው ይልቅ የአጥንቱ ጉብታ ሊገነጠል ይችላልና።