ከሚበልጡት ጋር መጫወት

ፒያሳ፣ ታክሲ ተራው ጥግ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ሰሌዳው ካርቶን፣ ጠጠሩ ቆርኪ ነው። የአንዱ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ተገልብጦ ይደረደራል። አንደኛው ሰፈሩ የሚያውቀው ባለሙያ ነው። ሌላኛው ለማጅ። ለማጁ ተጠንቅቆ፣ አንድ ለአንድ እየተበላላ ሲሄድ መሸነፉ አይቀርም። ድንገት አንድ ቆርኪ አስበልቶ ሰሌዳውን ሲያተራምሰው ግን ከበው የሚያዩት ሁሉ ጸጥ ይላሉ። ባለሙያውም እጁን ሰብስቦ ማሰብ ይጀምራል።

ከሚበልጥ ተጋጣሚ ጋር ሲገጥሙ አውቆ አደጋ ውስጥ መግባት በጨዋታ ስሌት የታወቀ ስልት ነው። ጨዋታው በለመደው መንገድ ከሄደ የሚበልጠው ያሸንፋል። ስለዚህ ደካማው ውጤቱ ወዲያም ወዲህም በሰፊው ሊወዛወዝ የሚችልበትን መንገድ ይመርጣል። በ1 ለ0 መሸነፍና በ4 ለ0 መሸነፍ እኩል ከሆነ የሚያጣው ነገር የለም። ጠንካራው ደግሞ የሚፈልገው ጨዋታው እንዲረጋጋለት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው እያንዳንዱን ጌም የማሸነፍ ዕድሉ 40 በመቶ ነው እንበል። አንድ ጌም ብቻ ከተጫወቱ ዕድሉ ያው 40 ነው። ከ3 ጌም 2 ያሸነፈ ከተባለ ወደ 35 ይወርዳል። ከ5 ጌም 3 ከሆነ 32 ገደማ፣ ከ7 ጌም 4 ከሆነ 29 ገደማ። ጨዋታ በረዘመ ቁጥር ችሎታ ዕድልን እየዋጠው ይሄዳል። ፑል ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ጌም ከባለሙያ የነጠቀ ልጅ «ከሦስት እናድርገው» ሲሉት እሺ ባይል ይሻለዋል።

በገንዘብ ጨዋታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሌስተር ደቢንስና ሊዮናርድ ሳቬጅ የተባሉ አሜሪካውያን የሒሳብ ሊቃውንት ይህን አሳይተዋል። ዕድሉ ለተጫዋቹ በማያደላ ጨዋታ የተወሰነ ገንዘብ ላይ መድረስ የግድ ከሆነ፣ ጥቂት ጥቂት ከማስያዝ በድፍረት ማስያዝ ይሻላል። እዚህ ላይ ግን ለውርርድ ቤት ደንበኞች ከልቤ የምለው አለኝ። በድፍረት ማስያዝ ከመጥፎዎቹ መንገዶች የተሻለው ነው እንጂ ጨዋታውን አያቀናውም። አለመጫወት ከሁሉም ይበልጣል።

አደጋ መውሰድ ሁሌም ማጥቃት ማለት አይደለም። ስታዲየም ካታንጋ የተቀመጠ ደጋፊ ቡድኑ ከኋላ ተሰብስቦ ሲከላከል ይናደዳል። ግን ጎል ባነሰ ቁጥር አንዲት ቅጣት ምት ጨዋታውን ልትገለብጥ ትችላለች። በእግር ኳስ ደካማ ቡድን ከቅርጫት ኳስ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈውም በዋናነት ጎል ጥቂት ስለሆነ ነው።

በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ (ቼዝ) መክፈቻው ወረራ ይባላል። ተራ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ማን መቼ ይብላ የሚለው ራሱ ስልት ነው። እኔ ደካማው ብሆን የባላጋራዬ አሰላለፍ ሳይጠናቀቅ እበላ ነበር።

ስልቱን ከጠላት ወገን ሆኖ ማየት ለእኛ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የኃይሌ ገብረሥላሴን አጨራረስ በደንብ ያውቅ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ከጠበቀ እንደሚቀደም ገባው። ስለዚህ የመጨረሻው ዙር ገና ከግማሽ በላይ ሲቀረው ተፈትልኮ ወጣ። ኃይሌ ደርሶበት ቀደመው፤ በ0.09 ሰከንድ። ቴርጋት ቢሸነፍም ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ኃይሌን ያን ያህል ያስጨነቀው ያ ሩጫ ነው።

ዝም ብሎ መዳፈር ግን ስልት አይደለም። ጥሩ አደጋ ባላጋራንም ያስቸግራል። «ምናልባት አያየው ይሆናል» ብሎ ቆርኪ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ ባለሙያ ያየዋል። አይቶትም መልሱ ከባድ የሚሆንበትን ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል።

ባለሙያውም መድኃኒቱን ያውቃል፤ ይበላላል። 12 ለ11 ሲሆኑ የአንድ ቆርኪ ብልጫ እዚህ ግባ አይባልም። ሰሌዳው ሳስቶ 2 ለ1 ሲቀሩ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በአንድ ቆርኪ የተበለጠ ለማጅ መበላላትን ይሽሽ፣ ሰሌዳው ይጨናነቅለት። ማስበላት ካለበትም ቶሎ ያስብላ። ባለሙያው አንዴ ቆርኪውን መጨረሻው መስመር አድርሶ ካነገሠ በኋላ የሚሰጠው ቆርኪ በነጻ የሚሄድ ነው።